ከክኒኑ በፊት

ሐሙስ፣ ጥር ፱ ቀን

ሸጋው አባቴ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ነውር ይሁን አይሁን አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ የምትጽፈውስ ምን ይረባል እያልኩ ብዙ ጊዜ እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ግን ከአፌ የሚወጣው ጥቂት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ ልጻፍልህ።

ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ ይኸው ብርዱም ሊያልፍ ነው። ውይይት ታክሲህን አሁን አጎቴ ነው የሚነዳት። ከኦሎምፒያ ቦሌ ሲመላለስ በራችን ላይ ሲደርስ እንዳንተ ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋል። እማዬ በመጀመሪያው ሰሞን ድምፁን ስትሰማ ታለቅስ ነበር፤ አሁን "ይሄ ሰውዬ ጥሩምባውን ሊጨርሰው ነው" ትላለች። መስገጃህን ከቦታው አላነሳነውም። ያው ወደ እንጦጦ፣ ወደ መካ አቅጣጫ እንደዞረ ተነጥፏል።

"እንጦጦ ከታየሽ ቂብላ አይጠፋሽም" ትለኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና "ይማም፣ ዛሬም ማርያምን ልትሳለም ነው እንዴ?" ብለው ያሾፉብሃል። አንተም "ትንሽ አለፍ ይላል፣ እትዬ" ትላቸዋለህ።

ሆስፒታል ስትተኛ ግን የአልጋህ ራስጌ በእንጦጦ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር። የለመንከው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትራሱ ወደ ግርጌ ይዙርና ፊትህ ወደ ቂብላ ይሁን። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር "ነገ ጓዶች ሊጎበኙን ይመጣሉ። በሽተኛው ሁሉ በአንድ በኩል ነው የሚተኛው። ይሄ መስጊድ አይደለም" አለች። ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ይዘህ "ተይ ሸጋዬ፣ ተይ" አልከኝ። ተውኩ። ጓዶቹ መጥተው አልጋዎቹ እንደ ሰልፈኛ መደርደራቸውን አይተው ሄዱ። በማግስቱ አንገትህን ወደ ኋላ ለማዞር ስትታገል ቆየህና፣ ጀርባህን ለቂብላ እንደሰጠህ አረፍክ።

አሁን እትዬ ዘነበች እዚያው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሳንባቸውን ነው። ልጃቸው ግንባር ስለሆነ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። ያቺው ሲስተር ወደ ሴቶቹ ክፍል ተዛውራለች። እትዬ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ጸበል ሳይቀምሱ ሌላ ነገር ወደ አፋቸው እንደማያስገቡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሲስተር የጸበሉን ጠርሙስ ከራስጌያቸው አንስታ "ይሄን ኋላ ቀር ነገር ወደ ቤት ውሰጂልኝ" ብላ ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ ሲመጣ እሳቸው ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። "መድኃኒት እምቢ ያለችው ሴትዮ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። እምቢ አላሉም እኮ አባዬ! ከክኒኑ በፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ነው የፈለጉት።

ዛሬ ሲስተር "ነገ ጠዋትም ካልዋጡ አልጋውን መታከም ለሚፈልግ ሰው እሰጠዋለሁ" አለቻቸው። በዚያ ትንፋሽ ደረጃውን እንኳ ወርደው አይጨርሱትም። እሳቸው ግን ቀልድ አይለቃቸውም። እኔን ጠቀስ አድርገው "አይዞሽ፣ እዚያ ስደርስ የይማምን ትራስ አዞርለታለሁ" አሉኝ። ሳቅሁ። ኮሪደር ወጥቼ ደግሞ አለቀስኩ።

ሲስተር ክፉ አይደለችም፣ እሷም ጓዶቹን ትፈራለች ትለኝ ይሆናል። ይሆናል። ግን ሙቀትህን ለክታለች፣ ደምህን ቀድታለች፤ ሰውዬው ምን ይፈልጋል ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። የሚታመመው ሳንባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳንባችንን ልከን እኛ ቤት እንቀር ነበር።

እማዬ ያሰብኩትን ስነግራት "አንቺ ልጅ፣ የእስላም ልጅ ጸበል ተሸክማ ስትገባ ምን ይሉሻል? ቀበሌ ሊያስጠሩሽ ነው!" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ጠርሙሱን በራሷ ሻሽ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አሁን መስገጃህ አጠገብ ተቀምጧል።

አንተን የማስታውሰው በእንባ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ በዞርኩ ቁጥር ያቺ ያልዞረች ትራስ ትታወሰኛለች፤ እንድትረሳኝም አልፈቅድላትም።

ይቅር በለኝ አባዬ፣ ነገ "ተይ" ብትለኝ አልሰማህም። አጎቴ በመጀመሪያው ጉዞ ያደርሰኛል። ክኒን ሳይታደል እገባለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ፤ "ሲስተር፣ መጀመሪያ ይሄ፣ ከዚያ የእርስዎ" እላታለሁ። ጠርሙሱን ከፍቼ ለእትዬ ዘነበች በእጄ አጠጣቸዋለሁ፤ ክኒኑን እስኪውጡም ድረስ ከአልጋቸው አጠገብ ንቅንቅ አልልም።

ልጅህ