ወደብ ላይ የተቀጠርሁበት ሳምንት

እሑድ

ሥራ ተገኘ! ልጄ ኦርሊ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሆና ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። «አባ፣ ሐሙስ ጧት ሥራ ይዤላችኋለሁ። ሃይፋ፣ ነማል። እማም ትምጣ። ሊያዩዋችሁ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ጥሩ ነገር ልበሱ፣ ቤሰደር?» ነማል ማለት ወደቡ፣ ቤሰደር ማለት እሺ ነው። ደጋግሜ ሰማሁት።

የምሠራበት መጋዘን ሠራተኛ ከቀነሰ ወዲህ ቤት ውዬ ውዬ ያልተበላሸውን በር ሁሉ ጠግኛለሁ። ባለቤቴ ጥሩዬ ጧት ወደ አረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ስትወጣ ከኋላዋ በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ሰውን ያሳንሳል። ዛሬ ግን እራት ላይ ድምፄ ወፈር ብሏል፤ ለራሴም ታወቀኝ።

ሰኞ

ጥሩዬ አላመነችም። «ባልና ሚስትን በአንድ ስልክ የሚቀጥር ማን ነው? ደግሞስ ለሥራ ጥሩ ልበሱ ይባላል?» አለች። ለወደብ ጥሩ ልብስ ማለት የማይቀደድ ማለት ነው፤ ይህን አታውቅም። ለኦርሊ ደውዬ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ልጠይቃት አልሁና ተውሁት። የማማርጥ ይመስልብኛል።

ገበያ ወርጄ ጫፉ ብረት የሆነ ጫማ፣ ጓንትና የሚያንጸባርቅ ብርቱካንማ ሰደርያ ገዛሁ። ሰደርያው ይሰፋኛል። ቢሆንም ያምርብኛል።

ማክሰኞ

ምነው አፌን በያዘው! ለአያ ፈረደ ነገርሁት። ጎረቤታችን ነው፣ ጸሎት ቤትም ከጎኔ ይቀመጣል፤ እሱ የሰማውን ነገር ከተማችን ክርያት አታ ውስጥ የማይሰማ የለም። መልእክቱን አሰማሁት። ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ «ሥራ ነው የምትለው፣ ምን ጥርጥር አለው» አለ።

ማታ ሱቅ ስወርድ የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አንዱማ ክሬን ነጂ ሆንህ አሉ አለኝ። አልሆንሁም አላልሁም።

ረቡዕ

የሚያሰጉኝ ነገሮች፦ ዕድሜዬን ቢጠይቁኝ። ወገቤን ቢያውቁብኝ። ዕብራይስጡ አፌ ላይ ቢጠፋኝ። ኦርሊ «ለነገ ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም» ብላ ጻፈችልኝ። ምን አስፈራት? እኔ አላሳፍራት።

ጥሩዬ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅልላ ስትከት አየኋት። ጓንት መሰለኝ።

ሐሙስ

ጉድ ሆኜ ዋልሁ።

ወደቡ ደረስን። እኔ በሰደርያና በብረት ጫማ፣ ምሳ ዕቃዬን አንጠልጥዬ። ኦርሊ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች፤ አጠገቧ አንድ ጎረምሳ፣ ከኋላቸው ሱፍ የለበሱ ሰውዬና ባለቤታቸው። አለቆቹ እነዚህ ናቸው ብዬ ጎንበስ አልሁና በዕብራይስጥ «ለማንኛውም ሥራ ዝግጁ ነኝ» አልኋቸው። ሰውዬው በአማርኛ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። ግራ ገብቷቸው ነው።

ኦርሊ ጎትታ ወሰደችኝ። «አባ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው የለበስኸው?»

«የሥራ ነዋ!»

«የምን ሥራ? ሲራ! ሲራ ነው ያልሁህ!» ብላ ውሃው ላይ የቆመውን ጀልባ አሳየችኝ።

ለካ ጀልባን በዕብራይስጥ ሲራ ይሉታል። መርከቡን ኦኒያ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ጀልባውን ግን ማን ነገረኝ? ወደ አኮ የሚሄድ ጀልባ ነው የያዘችልን። ጎረምሳው አቪ ይባላል፣ ሊያገባት ይፈልጋል። ባለ ሱፉ ከቲራት ካርሜል ከተማ የመጡት አቶ ታከለ፣ አባቱ ናቸው። ልጆቹ የአኮን አሮጌ ወደብ እያየን እንድንተዋወቅ አስበው ሳይነግሩን ደገሱት።

ዞር ብል ጥሩዬ የለችም። በኋላ ከመጸዳጃ ቤቱ በጥልፍ ቀሚስ አምራ ወጣች። «ጠርጥሬ ነበር» አለች። ለእኔ ሸሚዝ መያዝን ግን አልጠረጠረችም።

ጀልባው ላይ ሰው ሁሉ ትኬቱን ለእኔ ይሰጣል። አንዲት አሮጊት መጸዳጃው የት ነው አለችኝ፤ ወስጄ አሳየኋት። ኦርሊ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ ሆዴ ባባ። ልጄ በእኔ አፈረች።

ባሕሩ መሐል ስንደርስ የግድ የሚጠየቀው ተጠየቀ፦ ዘር መቁጠር። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ። አቶ ታከለ አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ማዕበል መጣና ፊታቸው ጎመን መሰለ። ጥሩዬ የቋጠረችልኝን ምሳ ባሕር ውስጥ ደፍቼ ምሳ ዕቃውን ያዝሁላቸው። እየቆጠሩ ያስመልሳሉ፣ አስመልሰው ይቆጥራሉ። አምስተኛው ላይ «ደስታ፣ የወገራ» አሉ።

የእኔም አምስተኛ ደስታ ነው። የወገራ!

ኦርሊ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች። አቪ መጸለይ ጀመረ። «የእርስዎ ደስታ ወንድ ናቸው ሴት?» አልሁ። አቶ ታከለ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና እንደገና ምሳ ዕቃው ውስጥ ገቡ። ጀርባቸውን እያሻሸሁ እኔም በልቤ ጸለይሁ።

«ወንድ» አሉ በመጨረሻ።

«የእኔ ሴት ናቸው!» ብዬ ጮኽሁ። ጀልባው ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

የቀሩትም አልተገናኙም። አኮ ስንደርስ የአቶ ታከለ ሱፍ ተበላሽቶ ስለነበር ሰደርያዬን አለበስኋቸው። ከጥንቱ ግንብ ሥር ተቀምጠን የዓሣ ጀልባዎቹን እያየን ሳለ አንድ ቱሪስት መጥቶ መጸዳጃ ቤት የት ነው አላቸው። ኦርሊ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያባራ አንገቴን አቀፈችኝ። እንዲህ ያቀፈችኝ ልጅ ሳለች ነው። አቶ ታከለ የተመለሱት በባቡር ነው።

ዓርብ

አቶ ታከለ ደወሉ። ከበዓል በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ሰደርያውንም አጥበዋል። ደስ ብሎኛል። ሥራ ግን አሁንም የለኝም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ነገ ጸሎት ቤት አያ ፈረደ አለ። ሰንበት ሳይገባ ትኩሳት ቢይዘኝ ምን ነበረበት?

ቅዳሜ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

አያ ፈረደ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። «እህ፣ ቀጠሩህ?» አለ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

«ቀጠሩኝ» አልሁ። አልዋሸሁም። ከበዓል በኋላ ላለው እሑድ ተቀጥሬያለሁ። ከሴቶቹ ወገን የጥሩዬን ሳቅ ለየሁት።

አያ ፈረደ ጠጋ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። «እባክህ ለልጄም ጠይቅልኝ። ቤት ቁጭ ብሏል። ያገኘውን ነው፣ አያማርጥም» አለ።

አቶ ታከለ ገና ያልተዳረች ልጅ አለቻቸው።

«እጠይቅልሃለሁ» አልሁት፤ «መጀመሪያ ግን እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ቁጠርልኝ።»

«ለወደብ ሥራ?»

«ጥብቅ ናቸው» አልሁት።