ክራሩን ያወረድኩበት ጠዋት

ይድረስ ለወንድምዓለም ለተሻለ፣ ጎንደር። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ሱዳን፣ ባሱንዳ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለን። ሰሊጡም ለአረም ደርሷል።

ልጄ ትሁት ለብቻቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ በስልኳ ፈልጋ አመለከተች። ሌሎቹ መልስ ነስተዋት ነበር፤ እነዚህ ግን ዘፈንሽን ቀርጸሽ እስከ ዓርብ ላኪ አሏት። እኔም፣ «በረሃ የቀረው ወንድምሽ ባንታምላክ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እዚህ ቤት ክራር አይመታም» አልኳት።

«እሺ እማ፣ ኸላስ፣ በቃ ተውኩት» አለች። አላኮረፈችም። ልብሷን ሁሉ አጥባ አጣጠፈች። ትናንት ገበያ ላይ ባንታምላክን ወደ ሊቢያ የወሰደው ደላላ በስሟ ጠርቶ ሰላም አላት።

ዛሬ ጠዋት ክራሩን ራሴ ከግድግዳው አወረድኩላት።

«እማ፣ ጎረቤት ምን ይላል?»

«ምቺው! የሚለውን ለእኔ ይበል።»

ዘፈነች፤ እኔም በጥቁር ልብሴ አጨበጨብኩላት። ላከችው።

ወሬው ሲደርስህ እንዳትቆጣኝ። የደላላውን ነገር በስልክ ያልነገርኩህ ትሁት አጠገቤ ስለሆነች ነው። የድጋፉ መልስ እስኪመጣ ጠዋት ጠዋት ደውልላትና ዘፈንሽ አማረ በላት። ካላነሳች ግን ቶሎ ለእኔ ደውል።

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፤ ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ ሐመልማል