ዲፍረንሻሉን በአየር

ሰኔ 3፣ ጠዋት
ዛሬም ከመኪናዋ ሥር ነኝ። የኋላ ዲፍረንሻሏን የሚቆልፈውን ሞተር ፈታሁት። ውሃ ገብቶበት ዝጓል፣ ሽቦው ተቃጥሏል። እሱ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አስሮ እኩል ካላዞረ፣ ዋልካ ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ይቀራል። ከቁይ ከተማ ወዲያ ደግሞ ዋልካ ብቻ ነው። ባለቤቴ ውባለም እዚያ ናት። የጤና ጣቢያው አዋላጅ እሷ ብቻ፤ ራሷም ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የሚተካት ሰው ሲመጣ ላመጣት ነበር። ሰውየው አልመጣም። ዝናቡ መጣ።

ሰኔ 4
ሞተሩ አዲስ አበባም የለም። መካኒኩ ጋሽ ይሁኔ ተወው አሉኝ፤ እንደ ከባድ መኪና ፍሬን አየር ይግፋው። በሞተሩ ቦታ ትንሽ የአየር ሲሊንደር፣ አየር የሚጠራቀምበት ቦምቦላ፣ ኮምፕረሰር፣ ከመሪው አጠገብ ማብሪያ። ሲናገሩት ቀላል ነው። ነገ ደጀን፣ ዕቃ ፍለጋ።

ሰኔ 5
ደጀን ጭጋግ። ቦምቦላውም አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭም ተገኘ፤ ገደል ከገባ የጭነት መኪና የተፈቱ ናቸው። ሾፌሩስ አልኩት ሻጩን። ዕቃውን መጠቅለል ቀጠለ። ባልጠይቀው ይሻል ነበር።

ሰኔ 8
ሲሊንደሩ ገጠመ። አየር ሲሞላ ግን ያፈሳል። ቀዳዳውን በሳሙና አረፋ ስንፈልግ ዋልን። ውባለም ደወለች። ስለ ሌላ ታካሚ የምታወራ ነው የምትመስለው። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ያማታል፣ የደም ግፊቷን ራሷ ለክታዋለች። ስንት ሆነ አልኳት።
«ብነግርህ ምን ይገባሃል? ከፍ ብሏል።»
አሁኑኑ ልምጣ አልኳት።
«ባልተሠራ መኪና መጥተህ መሀል መንገድ ከቀረህ ለማንም አትሆንም።»
ልክ ናት። ያናደደኝም ልክ መሆኗ ነው።

ሰኔ 9
ተቆለፈ። ከከተማ ወጣ ብለን ረግረግ ላይ ሞከርናት፤ ሁለቱም ጎማ እኩል ዞረ። ደስ አለኝ። ከዚያ አልፈታ አለ። መቆለፊያውን የሚገፋውን ሹካ ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ፣ ጥምዝምዙ ሽቦ፣ ደክሟል። እንደተቆለፈች አስፋልት ላይ ብነዳት አክስሏ ይሰበራል። ጋሽ ይሁኔ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ሌላ ሞላ እየፈለጉ ነው። የውባለም ስልክ አይሠራም። እዚህ ደብተር ላይ የምጽፈውም እጄ ሥራ ስለፈታ ነው።

ሰኔ 10፣ ንጋት
አዲሱ ሞላ ያዘ። ልሄድ ነው። ጋሽ ይሁኔ ሳልጠይቃቸው ጋቢያቸውን ደርበው ገብተው ተቀመጡ።

ሰኔ 12፣ ሆስፒታል
ከቁይ ወዲያ መንገድ የሚባል አልነበረም። ማብሪያውን ተጫንኩት፤ አየሩ እስስ አለ፣ ጎማዎቹ ያዙ። አንዴም አልቆመችም። ውባለም ጤ/ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ አብጦ፣ የለየኋት በነጠላዋ ነው።
«ከትናንት ጀምሮ አይንቀሳቀስም» አለች።
ጋሽ ይሁኔ ወደ ኋላ ወንበር አለፉ። ሆስፒታል አደረስናት።
እሷ ተረፈች። ልጁ ወንድ ነበር።

ሰኔ 19፣ ቤት
ሰው ሊያጽናናን ይመጣል። ወንዶቹ ትንሽ ቆይተው ግቢ ወጥተው ከመኪናዋ ሥር ያጎነብሳሉ። እንዴት እንደሠራነው ይጠይቃሉ፣ ጎበዝ ይሉኛል። አንዱማ ለእሱም እንድሠራለት ለመነኝ። ዛሬ ጠዋት የአየር ቱቦውን ልቆርጠው ቢላዋ ይዤ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ገባሁ። ውባለምን ጠየቅኳት፤ አንድ ቀን ቀድሜ ብደርስ ኖሮ?
«አላውቅም» አለች።
ልታጽናናኝ ብላ አልዋሸችም።

ሐምሌ 2
ውባለም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ አለች። ተተኪው አሁንም የለም። በዚህ ክረምት የሚወልዱትን በየስማቸው ጠራችልኝ። አሁንም ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ተቆጣሁ። ይህን ክረምት እንኳ እረፊ አልኳት።
«ቤት ውዬ ማንን ላቅፍ?»
ወጣሁ። ዝናቡ እስኪያባራ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ አላባራም። ጋሽ ይሁኔ ዘንድ ሄጄ መለዋወጫ ሞላና ቱቦ ጠየቅኳቸው። ለምን ሳይሉ ሰጡኝ። የቤቱን ቁልፍ ለእህቴ ተውኩላት። ነገ ውባለምን አድርሼ አልመለስም። ክረምቱ እስኪወጣ መኪናዋ ጤ/ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች፤ ምጥ የያዛትን አመጣለሁ፣ የከበዳትን ሆስፒታል አደርሳለሁ። ለውባለም ገና አልነገርኳትም። ጓዳ ናት፣ የጭቃ ቦቲዋን እያጠበች።