የሁለት ሰው እጅ ያለበት ጥልፍ

ይድረስ ለእናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? አብራሽ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስሜነሽስ ደህና ናት? የግቢው አቮካዶ ዘንድሮ ያዘ? እኔ ጌታ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ሰሞኑን ብቻ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። በስልክ ብነግርሽ ደስ ባለኝ፣ ግን ገና እንዴት ነሽ ሳልልሽ ደህና ነኝ ልጄ ትይና ወሬውን ወደ እኔ ትመልሽዋለሽ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም እዮኤል ቅዳሜ ወደ ሆሳዕና ስለሚገባ ይህን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

እስቲ መጀመሪያ አዲሱን ሥራዬን ስሚኝ። ስለ ጋሽ አቢሶ የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ፣ እዚህ ጆሃንስበርግ ቶኮዛ ሰፈር ሱቅ እያለን ብርድ ልብስ እያመጡ የሚያስረክቡን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። አሁን ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአልጋ ልብስ ማምረቻ ከፍተዋል። ሠራተኞቹ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሑድ አብረው ይዘምራሉ፣ ሰኞ አብረው ይሰፋሉ። አንድ ትልቅ መደብር ትዕዛዝ ሊሰጣቸው ፈልጎ፣ በፊት ግን ሠራተኞቻችሁ የጥራት ቁጥጥር ሥልጠና ይውሰዱ አላቸው። አሠልጣኟ እኔ ነኝ። ሳቂ እንግዲህ፤ ቁልፍ መትከል አቅቷት አንቺን ያሰለቸች ልጅ ስለ ስፌት ጥራት ታስተምራለች።

ትልቅ ካርቶን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ሰንጠረዥ አሰመርኩበት። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ዓምድ። የተበላሸ ስፌት ያገኘ ሰው በማሽኑ ዓምድ ላይ አንዲት ጭረት ያደርጋል፤ ጭረቱ የበዛበት ቦታ ላይ ቆመን ለምን እንላለን፣ መልሱንም መልሰን ለምን እንለዋለን፣ ሥሩ እስኪገኝ ድረስ። እንደ ስብከት አሜን አሜን ብለው ሰሙኝ። ሳምንቱ ሲያልቅ ካርቶኑ ንጹሕ ነው፣ አንድም ጭረት የለበትም። ጋሽ አቢሶ ደስ አላቸው። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ቅርጫት አየሁት፤ በተተረተረ ክር ተሞልቷል። ስፌት ካልተበላሸ ማን ይተረትራል?

ጨርቅ ቆራጩን ናኦልን ለብቻው ወስጄ ያዝኩት። የእህትን ስህተት ግድግዳ ላይ መለጠፍ የክርስቲያን ሥራ አይደለም፣ እኛ እርስ በርሳችን እንሸፋፈናለን አለኝ። ሥልጠና ነው እንጂ ክስ አይደለም ብዬ ጮህኩበት። ቁጣዬን ታውቂዋለሽ፣ ካንቺው ነው የወረስኩት።

በማግስቱ አንዱን የአልጋ ልብስ ገልብጬ አሳየኋቸው። የመጀመሪያው ስፌት ቀጥ ብሎ ጀምሮ ወደ ጎን ሸሽቷል፣ ተፈትቷል፣ በላዩ ላይ ሌላ ሰው ሰፍቶበታል። የማን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ሰዎች እኩል የእኔ ነው አሉ። ይኼኔ እህት በለጥሽ ከጥግ ተነሣች። በቤተ ክርስቲያን ልማድ እህት እንላታለን እንጂ ዕድሜዋስ ካንቺ እኩል ነው። አይ፣ ማሽኑ የእኔ ነው፣ ጭረቷንም ራሴ አደርጋታለሁ፣ ምን አላት አለች። ማርከሩን ተቀብላኝ ሄደችና ከካርቶኑ ውጪ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ጭረቷን አደረገች። ከዚያም ይኸው ብላ ዞራ ፈገግ አለችልን።

ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት እሷ ሳትመጣ ቀድመው ገብተው የሰፋችውን እየፈቱ ይሰፉላት ነበር። እንዳታፍር፣ ከሥራ እንዳትወጣ፣ በፍቅር። ይጸልዩላትም ነበር። እሷ ብቻ አታውቅም። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል እንጂ ስፌቴ ደህና ነው ብላ ነው የምታስበው፤ ተበላሽቷል ያላት ሰው የለማ።

ከጋሽ አቢሶ ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ቀኝ ዓይኗ በኦፕሬሽን ሊተርፍ ይችላል፣ የግራው ግን ጊዜው አልፎበታል፣ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት ኖሮ አለችን። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አላለቀሰችም። ከመካከላቸው አንድ የሚጠላኝ ሰው ቢኖር ዓይኔ ይተርፍልኝ ነበር አለችኝ። እማዬ፣ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ነው ዕረፍት ያጣሁት።

እስክትታከም ድረስ ጋሽ አቢሶ የተሰፋውን ማጠፍ ላይ መድበዋታል። የሰንጠረዡም ካርቶን አሁን በጭረት ተሞልቷል፤ ናኦል እንኳ የራሱን ያሰምራል። የመደብሩ ሰዎች ዓርብ መጥተው ያዩናል፣ ምን እንደሚሉ እንጃ። እኔ ግን ሐሳቤ እዚያ አይደለም።

ከሆስፒታል የተመለስን ቀን ቤት ገብቼ ለፋሲካ ጠልፈሽ የላክሽልኝን የትራስ ልብስ አወጣሁ። እስከዛሬ አበባውን ብቻ ነበር የማየው። አሁን ገለበጥኩት። ግንዱ ላይ ያንቺ ስፌት አለ፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ፣ ጠበቅ ያለ ነው። መሐል ላይ መስመሩን ስቶ ወጥቷል። ተተርትሯል፣ የመርፌው ቀዳዳ እስካሁን ይታያል። ከዚያ ወዲያ ላላ ያለ ሌላ እጅ ገብቶበታል፣ ቅጠሎቹ በሙሉ የዚያ እጅ ናቸው።

ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። በቪዲዮ ስንገናኝ ግንባርሽን ብቻ የምታሳዪኝ ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ነው ብለሽኝ ነበር። ፀጉሬን ተላጭቼ ስደውልልሽ ምንም አላልሽኝም። አንቺ፣ ስለ ፀጉሬ፣ ምንም። ተቀይማኛለች ብዬ አኩርፌ ዘጋሁት። ኤሽ ይላሉ እዚህ እንዲህ ያለው ሲገጥማቸው፣ ሌላ ቃል የለኝም።

እማዬ፣ ያ የሚጠላሽ ሰው እኔ ልሁንልሽ። ወንድም እዮኤል አዲስ አበባ ይዞሽ ይሄዳል፣ የዓይን ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ፣ ቀኑ ተቆርጧል። ደህና ነኝ እንዳትይው።

ስሜነሽ፣ አሁን የማዋራው አንቺን ነው። ይህን ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅጠሎቹ ያምራሉ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ከትራስ ልብሱ ጀምሮ ያለውን ዘለሽው ከሆነ፣ እባክሽ ተመለሺና አንብቢላት።

እማዬ፣ ጌታ ዘመንሽን ያርዝምልኝ፣ በመግቢያ በመውጫሽ ይጠብቅሽ። መጥቼ ፊትሽ ስቆም ፀጉሬን አይተሽ እንድትቆጪኝ ያድርግልኝ።

የማትሸፍንልሽ ልጅሽ፣
ከጆሃንስበርግ