ሁለት ጠብታ ላቬንደር

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር፤ ደብዳቤ እንዲያ ነው የሚጀመረው።

በመምጣት ፈንታ የላክሃት የላቬንደር ዘይት ደርሳለች። ወረቀቷ ላይ የማትሆነው ነገር የለም፦ እንቅልፍ ላጣ፣ ራሱን ለሚያመው፣ ሆድ ለባሰው፣ ለተቃጠለ ቆዳ ሳይቀር። አልዋሽህም፣ ላውንደሪ ቤት ስተኩስ ካውያ የጠበሰውን እጄን አስታግሳልኛለች። የኔን ንዴት ግን አላበረደችም።

«ለእማዬ፣ ሁለት ጠብታ ትራሷ ላይ» ብለህ ጽፈሃል። እማዬ ግማሹን ጠርሙስ ያንተ አሮጌ ትራስ ላይ አፈሰሰችው። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ «ከትምህርት ቤት ደክሞት ነው የሚመጣው» አለችኝ። አንተ እኮ ሽበት አብቅለሃል። ቀልዷን ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ያኮረፈችኝ ይመስለኛል። ድሮ ስትናደድብን በአንቱታ ነበር የምትቀጣን። «እርስዎ ጌታዬ፣ ሳህኑን ያጥቡልኛል?» ስትልህ የምትገባበት ይጠፋህ ነበር። ትናንት ዘይቷን ግንባሯ ላይ ሳሽላት፣ «እጅዎ ይባረክ፤ ለመሆኑ እናት አለዎት?» አለችኝ። ፊቷን አየሁት። ቁጣ የለበትም።

የተቆጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጠርሙስ እንዳትልክብኝ።

በተረፈ ጤናህን ጠብቅ። የናፍቆቱን ሰላምታ ለእማዬ ስትደውልላት እሰጥሃለሁ። ስታናግርህ ደህና አድርገህ አዳምጣት፤ አንተን «አንተ» ካለችህ ንገረኝ።

እህትህ