በየአምስት ደቂቃው አምሳ

ጥር 6
ዛሬም ያው። ሁለት የሐሞት፣ አንድ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና። ማሽኑም እንደ ወትሮው ከአለቃችን ቁም ሣጥን አልወጣም። አለቃችንን እኛ ባለ ቁልፉ ነው የምንለው። ማሽኑ ግንባር ላይ ተለጥፎ የበሽተኛው እንቅልፍ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ማሽን ነው፤ ከአርባ እስከ ስልሳ ካለ ሰውየው ደህና ተኝቷል። ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ባለ ቁልፉ "ይሰበራል" ይላል። ታዲያ ለጌጥ ነው የመጣው? ቅጹ ላይ ግን የቁጥሩ ቦታ ባዶ እንዳይሆን... ማደንዘዣ የምንሰጥ ሁሉ 50 እንሞላለን። በየአምስት ደቂቃው አምሳ፣ አምሳ፣ አምሳ። እጄ ለምዶታል።

ጥር 9
ጠዋት አንድ ግንበኛ አመጡ። ከሁለተኛ ፎቅ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ቋጥሯል። ሲጠሩት ያቃስታል እንጂ አይመልስም። ማሽኑን ጠየቅኩ። "እሱ ራሱን ስቶ የለ እንዴ! ምን የሚለካ እንቅልፍ አለው?" አለኝ ባለ ቁልፉ።
ቀዶ ጥገናው መሀል ላይ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ማደንዘዣውን ቀነስኩ። ሌላ ምን ላድርግ? ግፊት ከወረደ አንጎሉ ደም ያጣል። እንዳይንቀሳቀስ ጡንቻ የሚያዝለውን መድኃኒት ግን ወስዷል። ቀዶ ሐኪሙ የራስ ቅሉን እየሰረሰረ ስለ ገዛ ቤቱ ያወራል። መታጠቢያ ቤቱ ያፈሳል፣ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ አታሎታል... ሳቅን። ደሙ ወጣ። ቅጹን ሞላሁ። ደክሞኛል።

ጥር 13
ግንበኛው ነቅቷል። ላየው ገባሁ። "ሲስተር፣ የዶክተሩ መታጠቢያ ቤት ተሠራ?" አለኝ። ማን ነገረህ? "ሲያወሩ ሰማኋቸዋ። ሴራሚኩን በከንቱ ነው የሚቀያይሩት፣ ችግሩ ከሥር ካለው ቧንቧ ነው።" ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "መሰርሰሪያውን ሰማሁት። ሃያ ዓመት ግድግዳ በስቻለሁ፣ ድምፁን አላጣውም። አለሁ ልል... ጣቴ እንኳን አልታዘዝ አለኝ።"
ለመጠየቅ አፈርኩ። አመመህ? አልኩት በመጨረሻ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥር 14
ለባለ ቁልፉ ነገርኩት። "ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ቃል ይዘሽልኝ መጣሽ?" የመታጠቢያ ቤቱስ ነገር? "ቅዠት ነዋ!" ፋይሉ ላይም "ይቃዣል" ብሎ ጻፈበት። ደሜ ፈላ። ጮህኩበት። እሱ እቴ... ቅጹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። "አምሳ፣ አምሳ፣ አምሳ። የማን ጽሕፈት ነው? ደህና ተኝቶ እንደነበር አንቺው ጽፈሻል።"
የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ቅጹን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ጥር 17
የግንበኛው ቁስል መግል ይዟል። ቶሎ ካልተከፈተ ወደ አንጎሉ ይገባና ይገድለዋል። እሱ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። "እዚያ ክፍል ሁለተኛ አልገባም!" ሚስቱ ታለቅሳለች። "ቅዠት ነው ብለውሃል እኮ፣ ምናለ ብታምናቸው?" "አንቺም?" አላት።
ሚስቱ እንኳን አላመነችውም። በማን ምክንያት?

ጥር 18
የጠዋቱ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። "ቁጥሩን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። ማሽን አልነበረም። ሰውየው ሰምቷል" አልኩ። ሁሉም ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። እነዚያ እንደ እኔ አምሳ የሚሞሉት ሁሉ! አንድ ሰው እንኳን "እኔም" አይልም? ቀዶ ሐኪሙ ብቻ ቀስ ብሎ፣ "ስለ መታጠቢያ ቤቴ ሌላ ቦታ አውርቼ አላውቅም" አለ። ባለ ቁልፉ "ማስጠንቀቂያ ይጻፍልሻል" አለኝ። ይጻፍ! እሱስ ቢያንስ እውነት ነው።
ከዚያ ቀጥታ ወደ ግንበኛው። ሚስቱ ፊት ሁሉንም ነገርኩት፣ የአምሳውንም ነገር። "ነቅተህ ነበር። ልክ ነህ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ይሰድበኛል ብዬ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰ። ሚስቱ እጁን ያዘች፣ ይቅር በለኝ እያለች።
"ነገ ማን ነው የሚያስተኛኝ?"
ሌላ ሰው ከፈለግህ...
"አንቺ ሁኚ። አንቺ አሁን ትፈሪያለሽ።"

ጥር 19
ማሽኑ ወጣ። ባለ ቁልፉ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። ከእንግዲህ በየቀዶ ጥገናው ይሠራበት የሚል ትእዛዝም ለጥፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የመስታወቱ ፕላስቲክ እንኳን አልተላጠም።
44። 47። 43። መግሉን ሲጠርጉ በድንገት 68! ሊነቃ ነው። የደም ግፊቱ ደህና፣ የልብ ምቱም ደህና። ማሽኑ ባይኖር በምን አውቅ ነበር? "እጃችሁን አንሡ!" ብዬ ጮህኩ። መድኃኒት ጨመርኩ። 61... 52... 45። ቅጹ ላይ 68ን እንዳለ ጻፍኩት።
ከሰዓት ነቃ። እኔም ሚስቱም አልጋው ላይ አጎነበስን። ምን ሰማህ? "ምንም።" ሚስቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም እንባዬ መጣ።
እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ አላነሣም። "ሲስተር፣ ከእኔ በፊት አምሳ የጻፍሽላቸውስ?"
ሁለት ዓመት ሙሉ... አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።