ዓይናዲስ ያላገኘችው ምርመራ

ጥቅምት 12
ቅዳሜ። ልብስ አጥቤ ለእርግዝና ክትትል ከአዘዞ ወደ ሆስፒታል ወጣሁ። ዶክተር ኤሌኒ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ... ለሽንት።
«ገና ሦስት ወርሽ ነው፤ ግን ኋላ የደም ግፊት ያሰጋሽ እንደሆነ ፍንጭ ይሰጠናል። ጥናት ላይ ያለ ምርመራ ነው፤ ፈቃድሽ ከሆነ ብቻ።»
ሰጠሁ።
«በቤተሰብ በእርግዝና የታመመ አለ?»
«እኅቴ ዓይናዲስ...» አልኩ።

ጥቅምት 13
ቀኑን ሙሉ ዓይናዲስን ሳስብ ዋልኩ። አይከል፣ የአባባ ግቢ። ጉልበቷ መሀል አስቀምጣኝ ጸጉሬን ስትጎነጉን፣ «አትነቃነቂ!» እያለች ራሷ በሳቅ ስትንቀጠቀጥ...
የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ፊቷ ሞላ። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ጎረቤት ሁሉ «ሸጋ ሆነች፣ ተስማማት!» ይል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። «ራሴን አመመኝ» ስትል፣ «ፀሐይ ነው» አልናት። አንድ ቀን ወድቃ ተንዘፈዘፈች። እሷም ልጇም ሄዱ።
ግፊት መሆኑን ምን እናውቃለን ያኔ?

ጥቅምት 26
ውጤቱ ስጋት አለ ይላል። «ሊመጣ ይችላል እንጂ ይመጣል ማለት አይደለም» አለች ኤሌኒ። በየቀኑ ትንሽዬ አስፕሪን፣ ግፊት ቶሎ ቶሎ መለካት። ለባሌ ለፋንታሁን ነገርኩት። «መለኪያ እገዛለሁ። እኔው እለካሻለሁ» አለ።

ጥር 9
አባባ ከአይከል መጡ። ፋንታሁን ክንዴን በግፊት መለኪያው ሲጠቀልል ቆመው አዩ።
«ምነው ልጄ፣ አመመሽ?»
«አላመመኝም አባባ። እንዳያመኝ ነው።»
ቁጭ አሉ። «ይህ ያኔ ቢኖር... ለዓይናዲስ?»
ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «እንጃ አባባ... ምናልባት» አልኩ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

መጋቢት 20
ግፊቱ ከፍ አለ። ራሴን አላመመኝም፣ ምንም አልተሰማኝም። ፋንታሁን እንደገና ለካኝና ቦርሳዬን አነሳ። ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ኤሌኒ «በጊዜ ደረስሽ» አለች። ፈራሁ...

መጋቢት 24
ሴት። ከቀኗ የቀደመች፣ ኮሳሳ፣ ጩኸታም። በሕይወት አለች። እኔም አለሁ።

ሰኔ 3
አባባ መጡ። ልጅቷን ሊያዩ መስሎኝ ነበር። የአጎቴን ልጅ ፍሬን አስከትለዋል፤ አርግዛለች፣ ሆዷ ገና አይታይም። መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ነበር አሉ።
«ምንም ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ? ገና እኮ ነው!» አለችኝ ፍሬ።
አባባ መቋሚያቸውን አነሱ። «ገና ሳለ ነው እንጂ» አሉ። «ተነሽ፣ እንሂድ።»